ፎርማት ጥገና አይደለም

በከተማችን ለኮምፒውተር በሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት አለ። ዘገየ? ፎርማት። ኢንተርኔት አልከፍት አለ? ፎርማት። ፕሪንተሩ አልታዘዝ አለ፣ ድምፁ ጠፋ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ? ፎርማት፣ ፎርማት፣ አሁንም ፎርማት። ደንበኛው ራሱ ቃሉን ከመልመዱ የተነሳ ሲፒዩውን ታቅፎ ሱቁ ሲገባ ምን እንደሆነበት አይናገርም፤ «ፎርማት አድርጉልኝ» ነው የሚለው። ሐኪም ዘንድ ገብቶ የሚያመውን ሳይናገር «ቀዶ ጥገና አድርጉልኝ» የሚል በሽተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው። ቴክኒሻን ነኝ አልልም። ነገር ግን አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንደገና መጫን ከቤትም ከሥራም ያልተለየኝ ጉዳይ ስለሆነ፣ እንዲሁም የሚጠፋው ነገር በመጨረሻ የሚመጣው እኔ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ፣ በዚህ ነገር የመናገር መብት አለኝ ብዬ አምናለሁ። የምለውም ይህ ነው፦ ፎርማት ብለን የምንጠራው ነገር ከምርመራ ማምለጫ ሆኗል፤ ዋጋውን ደግሞ በጽሑፍ እየከፈልን ነው። በተለይ በአማርኛ ጽሑፍ።

እስቲ ከትንሹ ልጀምር። አሥር ዓመት ያለፈው ዴስክቶፕ አንድ ጠዋት ድረ ገጽ አልከፍትም ይላል። ጉግሉም፣ ዩቲዩቡም፣ ባንኩም «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ዓይነት ማስጠንቀቂያ ያመጣሉ። አባት ቫይረስ ነው ይላል። ልጅ ዊንዶውሱ አርጅቶ ነው ይላል። ከስክሪኑ ታች በቀኝ ጥግ ያለውን ቀን ማንም አያየውም። እዚያ ላይ ማሽኑ ከፋብሪካ የወጣበት ዘመን አካባቢ ተጽፏል፤ 2010 በሉት። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያስመሰክሩበት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ራሱን 2010 ላይ ያገኘ ኮምፒውተር የዛሬው ሰርተፍኬት ገና ያልተወለደ ወረቀት ነውና አልቀበልም ይላል። በእሱ ሒሳብ ትክክል ነው። (እኛ ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ቆጥረን በሰላም እንኖራለን፤ ብራውዘር ግን ይህን ያህል ትዕግሥት የለውም።) ጥፋተኛዋ ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠች፣ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። ሲአር 2032 ትባላለች፤ የመኪና ሪሞት ውስጥም አለች። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃ ያቃጥላል ብለን ማታ ማታ ሶኬቱን ከግድግዳ የምንነቅል ሰዎች ደግሞ ቶሎ እንጨርሳታለን፤ ማሽኑ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሰዓቱ የሚሄደው ከመስመሩ በሚመጣ ኃይል ነው፣ ሲነቀል ግን ሸክሙ የእሷ ብቻ ይሆናል።

ባትሪዋን ቀይሮ ሰዓቱን ማስተካከል አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በዚህች ባትሪ ምክንያት ፎርማት የተደረጉ ማሽኖች አይቻለሁ። ተፎርምተው፣ በሥራው መሐል ሰዓታቸው ተስተካክሎ፣ «ዳነ» ተብለው ወጥተው፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ባደረ ማግሥት ያው 2010 ላይ የተገኙ።

ከባትሪዋ ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ግን አያስቅም። አሮጌ ዴስክቶፕ የሚንቀረፈፍበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለው፤ በላዩ ላይ አንዲት ትንሽ ራስ ወዲያ ወዲህ እየሮጠች ታነባለች። መብራት በሄደ ቁጥር ይህ ሩጫ በድንገት ይቆማል። ከዓመታት በኋላ ሰሌዳው ላይ የማይነበቡ ቦታዎች ይፈጠራሉ፤ ማሽኑ እዚያ ሲደርስ ይሞክራል፣ እንደገና ይሞክራል፣ እናንተ ማውዙን ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ። ዲስኩ ይህን ሁሉ ጉዱን አይደብቅም። ስማርት በሚባል መዝገብ ራሱ ይጽፈዋል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍታችሁ ማየት ነው፤ ደህና ከሆነ ሰማያዊ፣ ካሰጋ ቢጫ፣ ካለቀለት ቀይ። ሁለት ደቂቃ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ፎርማት ማድረግ ማለት ምን ማለት ነው? ሊሞት በሚያጣጥር ዕቃ ላይ ብዙ ጊጋባይት አዲስ ነገር መጻፍ ማለት ነው። በሽተኛውን ኩንታል አሸክሞ ዳገት ማስወጣት። አዲሱ ዊንዶውስ ዕድል ቀንቶት ደህና ቦታ ላይ ካረፈ ለጥቂት ሳምንታት ይፈጥናል፣ ቴክኒሻኑም ይመሰገናል። ከዚያ በሽታው ይመለሳል፣ ከዚያ ሁለተኛ ፎርማት ይመጣል፤ በዚህ መሐል ድሮ የነበረው ፋይል ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፎበታል።

ስለ ሾርትከት ቫይረሱ ብዙ አልልም። ፍላሻችሁን ስትከፍቱ ፋይሎቻችሁ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸዋል እንጂ አላጠፋቸውም። የሚያጠፋቸው ደንግጦ ፎርማት የሚለውን የሚነካው ሰው ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝን ልንገራችሁ።

አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ማስተማር ካቆሙ ጀምሮ የተወለዱበትን የወሎ ገጠር ቃላት ይሰበስቡ ነበር። ሞፈርና ቀንበር፣ እርፍና ድግር መዝገበ ቃላት ውስጥ አሉ። እሳቸው የሚፈልጉት ወገሉ ሲላላ ገበሬው ምን እንደሚል፣ ከጥንዱ በሬዎች አንዱ ሲለግም ምን ተብሎ እንደሚሰደብ ነው። የከብት መልክ ብቻ ብዙ ገጽ ሞልቶ ነበር፤ ዳለቻ ስንት ዓይነት እንደሆነ ከእሳቸው በፊት ጠይቄም አላውቅ። ይህን ሁሉ በልጃቸው ኮምፒውተር ላይ፣ በሁለት ጣት፣ በፓወር ግዕዝ ከአሥር ዓመት በላይ ጻፉት። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ፋይል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ይቀጥላል።

ማሽኑ ዘገየ። ልጃቸው ሰፈራቸው ወዳለ ሱቅ ወሰደችው። ልጁ አብርቶ አየውና «ዊንዶውሱ አርጅቷል፣ ፎርማት እናድርገው» አላት። ፋይሎችስ? «ዲ ላይ ያለ አይነካም።» እውነቱን ነው፣ ዲ ላይ ያለ አልተነካም። ዲ ላይ የነበረው ፊልም ነው። የጋሼ ሥራ የነበረው ማይ ዶክመንት ውስጥ ነው፤ ማይ ዶክመንት ደግሞ ሆን ብሎ ያዛወረው ሰው ከሌለ ሲ ላይ ነው የሚኖረው። ይህን አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ልታውቅ አትገደድም። በዚህ የሚኖር ሰው ነው ማወቅ ያለበት።

ማታ ጋሼ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ቤቱን ጠርገው መለሱልኝ» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሲገባኝ እጄ ቀዘቀዘ።

ማሽኑን እንዳያበሩት ለምኜ ዲስኩን አውጥቼ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ፈጣን ፎርማት የሚባለው ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፤ ገጾቹ በላያቸው እስካልተጻፈ ድረስ ይቀመጣሉ። ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ሁለት ሌሊት ሲያስስ አድሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎችን አወጣ፤ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። ልጅቷ ጥቂቶቹን በፍላሽ ይዛ ለዚያው ልጅ አሳየችው። ከፍቶ አየ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የላቲን ፊደል ድሪቶ ነው፤ በመሐሉ የፈረንሳይኛ ጭረት ያለበት ፊደል፣ የገንዘብ ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት ተገልብጦ። «ይሄ ኮራፕት አድርጓል፣ ቫይረስ የበላው ነው፣ አጥፊው» አላት።

አልተበላም ነበር። አማርኛ ነበር። የጎደለው ፎንቱ ብቻ ነው። አሮጌውን የግዕዝ ፎንት ከድሮ ሲዲዬ ላይ ፈልጌ ስጭነው፣ በሎሚ ጭማቂ የተጻፈ ወረቀት እሳት ሲጠጉት እንደሚሆነው ሁሉ፣ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር በፊደል ሞላ። ይህን ልጅ ተሳስተሃል ብዬ ለመቆጣት እንኳ ተቸገርኩ፤ ሲወለድ ይህ የአጻጻፍ ዘዴ እያለፈበት ነበር፣ ማንም አልነገረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዊንዶውስ ከራሱ ጋር የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ደግሞ ከቪስታ ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. ሲሆን ፎንቱም ኒያላ ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮና ቤት ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት፣ አማርኛ የተጻፈው በብልሃት ነው። የዚያ ዘመን ፎንት ከ256 ቦታ በላይ አልነበረውም፤ 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፣ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሳይጨመሩ። ስለዚህ ባለሙያዎቻችን ፊደሉን በሁለትና ሦስት ፎንት አካፈሉት፣ ወይም ከቁርጥራጭ ገጣጠሙት፣ ከዚያም በላቲኑ ፊደል ወንበር ላይ አስቀመጡት። ኮምፒውተሩ ላቲን የጻፈ ይመስለዋል፤ እኛ ግን «ሰ»ን እናያለን። ፓወር ግዕዝ የራሱ ሠንጠረዥ አለው፣ ቪዥዋል ግዕዝም የራሱ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነብም። በጊዜው የሚደነቅ ሥራ ነበር፣ ጋዜጦቻችንና መጻሕፍታችን በእሱ ታትመዋል። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተጻፈ ጽሑፍ ከፎንቱ ከተለየ አማርኛነቱ አብሮ ይሄዳል። ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ፎንቱ አብሮ ይጠረጋል። ፋይሉን በጥንቃቄ በፍላሽ ያስቀመጠ ሰው እንኳ ቁልፉን እሳቱ ውስጥ ትቶ ሳጥኑን ይዞ የወጣ ነው።

እንግዲህ ቁጠሩት። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ በኛ አቆጣጠር በኮምፒውተር የተጻፈ ያልታተመ ልብ ወለድ፣ የሰበካ ጉባኤ መዝገብ፣ የእድር ታሪክ፣ የተውኔት ረቂቅ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ። የታተመው ቢያንስ ወመዘክር መደርደሪያ ላይ ተስፋ አለው። ያልታተመው ያለው ሰው ሳሎን ጥግ፣ ዳንቴል የለበሰ ሲፒዩ ውስጥ ነው። ያ ሲፒዩ አንድ ቀን ይዘገያል። ወደየት እንደሚወሰድ ታውቃላችሁ።

ቴክኒሻኖቹን አናግሬያቸዋለሁ፤ መልስ አላቸው፣ ከፊሉ እውነት ነው። «ደንበኛው ለምርመራ አይከፍልም» ይላሉ። ሁለት ሰዓት ፈልጌ ባትሪዋ ናት ብለው ለአንዲት ባትሪ ይህን ያህል? ብሎ ይጣላኛል፤ ፎርማት ስለው ግን ዋጋውን ከነመንገዱ ያውቀዋል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ልክ ነው፣ ዕውቀት አይታይም፣ አዲስ ስክሪን ግን ይታያል። የገዛ ገንዘባችንን ለማየት ለምንችለው ነገር ብቻ የምንከፍል ሕዝብ ሆነን ልጁን ብቻ ብንወቅስ ግፍ ነው። ግን በዚህ መልስ ውስጥ የማይዋጥልኝ አለ። ለመመርመር ጊዜ ያጣ ሰው ለመገልበጥ እንዴት ጊዜ ያጣል? የተጠቃሚውን ፎልደር ሙሉውን ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ አእምሮ አይጠይቅም፤ አስጀምሮ ሌላ ሥራ መሥራት ይቻላል። እሱ የማይደረገው ስለማይቻል ሳይሆን፣ ሱቁ ውስጥ የማሽኑ ባለቤት ጽሑፍ የማሽኑን ያህል ዋጋ ስላልተሰጠው ነው። ስክሪኑ ቢሰበር ይከፍሉኛል። መዝገበ ቃላት ቢጠፋ «ሶሪ ፋዘር» ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ከፎርማቱ በኋላ የሚጫነው ምንድን ነው? ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ፣ ከዚያ እሱን ሕጋዊ የሚያስመስለው አክቲቬተር። አክቲቬተሩ እንዲሠራ ደግሞ አንቲቫይረሱ ይጠፋል። ስለ ቫይረስ ተብሎ የተጠረገ ማሽን ዘበኛው ተባሮ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ሥልጣን ገብቶበት ለባለቤቱ ይመለሳል። ፈቃዱን መግዛት ለብዙ ሰው እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ስለ ሌብነት ልሰብክም አይደለም። ግን ንጹሕ አደረግነው አትበሉ።

ይህን ሁሉ አሁን የምጽፈው ያለምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ በኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና፣ ከኢንቴል ወገን ከሆነ በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ቢሮዎቻችንና ቤቶቻችን ውስጥ ያሉት ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ምክር እየተሰማ ነው፤ አንዱ «ሸጣችሁ አዲስ ግዙ»፣ ሌላው «ግድ የለም፣ በዘዴ 11ን እንጭነዋለን፣ ፎርማት ብቻ እናድርገው»። ሁለቱም ማሽኑ ውስጥ ምን አለ ብለው አይጠይቁም።

የመጀመሪያውን አልቀበልም። በ2011 የተሠራ፣ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ያለው ዴል ኦፕቲፕሌክስ ለጽሑፍ ሥራ አላረጀም። አቧራው ቢነፋ፣ ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ቢቀየር፣ ራሙ 8 ጊጋ ቢደርስ፣ ሊኑክስ ሚንት ቢጫንበት ዛሬ ይህን ጽሑፍ ይጽፋል፤ የጻፍኩትም በእንዲህ ዓይነቱ ነው። ሚንት አክቲቬተር አይፈልግም። ሳይጫን በፍላሽ አስነስቶ መሞከር ይቻላል፣ አማርኛም በደህና ይጻፍበታል። «ቢሮዬ ግን የሚጠቀመው የሒሳብ ፕሮግራም ዊንዶውስ ብቻ ነው የሚያውቀው» የሚል ሰው ካለ እውነት አለው፤ ያ ሰው ዊንዶውሱን ይያዝ። እኔ የምከራከረው ለጸሐፊው፣ ለተማሪው፣ ለጡረተኛው ነው።

ኤስኤስዲን ግን ሳሞግስ አንድ ማስጠንቀቂያ ልተው። በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ከፎርማት በኋላ ተስፋ ነበረ፤ የጋሼን ፋይሎች ያተረፈው እሱ ነው። ኤስኤስዲ ላይ ግን ዊንዶውስ ፎርማት ሲያደርግ ለዲስኩ እነዚህ ቦታዎች ባዶ ናቸው ብሎ ይነግረዋል፣ ዲስኩም በራሱ ጊዜ ያጸዳቸዋል። ሁለት ሌሊት ማሰስ የለም። እንግዲህ ከአሁን በኋላ የሚፈጸመው ፎርማት ከቀድሞው የባሰ ነው።

እንደገና መጫን የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፣ እኔም አደርገዋለሁ። ሲስተሙ ተበላሽቶ አልነሳም ሲል፣ ወይም የተጫነበት ዓይነቱ ያልታወቀ ነገር ሲበዛ ጠርጎ መጀመር ይሻላል። ግን መጀመሪያ ቀኑን አያለሁ፣ የዲስኩን መዝገብ አያለሁ። ከዚያ የተጠቃሚውን ፎልደር ሁሉ፣ ዴስክቶፑንም ዶክመንቱንም ዳውንሎዱንም፣ ሁለት ቦታ እገለብጣለሁ። ከዚያ ማንም የማይነካውን ሲ ዊንዶውስ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ሙሉውን እገለብጣለሁ፤ ፍላሽ ላይ ብዙ ቦታ አይፈጅም። በድሮው ፎንት የተጻፈ ካለ እዚያው ማሽን ላይ፣ ገና አማርኛ ሆኖ እየታየ፣ ወደ ፒዲኤፍ እቀይረዋለሁ፤ ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ ስለሚቀመጥ ቢያንስ ለዓይን ይተርፋል። በጣም ተወዳጁን አትማለሁ። ከተቻለ አሮጌውን ዲስክ ጭራሽ አልነካውም፤ አውጥቼ፣ ስሙንና ቀኑን ጽፌበት፣ ኤንቨሎፕ ውስጥ ከትቼ ለባለቤቱ እመልሳለሁ፤ አዲሱ ሲስተም አዲስ ዲስክ ላይ ይጫናል።

በሚቀጥሉት ወራት ብዙ መሥሪያ ቤት ዴስክቶፖቹን ሰብስቦ በጨረታ ያወጣል፣ ወይ መጋዘን ይከምራል። ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው የሞዴል ቁጥሩና የተገዛበት ዋጋ ነው። ከአጠገቡ አንድ ረድፍ ይጨመር፦ በምን ፎንት የተጻፈ ሰነድ አለበት፣ ማን ገለበጠው፣ የት ተቀመጠ። የጥገና ሱቆችም ደረሰኝ ላይ ለስልክ ቁጥር የተተወውን ያህል ቦታ ለዚህ ይተዉ።

ከጋሼ ሥራ በ፣ ገ እና ጠ አልተገኙም። አዲሱ ዊንዶውስ ያረፈው እነሱ ላይ ሳይሆን አይቀርም። በሬ ከነስድቡ እዚያ ውስጥ ነበር። ጋሼ አሁን «በ»ን ከትውስታቸው በእርሳስ እየጻፉት ነው።